«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማነው?

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። መሪውን የያዘችው ልጄ ናት። እኔ ከጎኗ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ከኋላ ተቀምጠናል። አውቶቡስ ተራን አለፍ ብለን ወደ ትምህርት ቤቱ ልንታጠፍ ስንል፣ ከተገዛች ገና አሥራ አንድ ቀኗ የሆነው የኤሌክትሪክ መኪና ጢው ጢው የሚል ድምፅ አሰማች። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፀጥ አለ። መኪናዋ አልንቀሳቀስ፣ መስኮቱ አልወርድ፣ በሩም በቁልፉ አልከፈት አለ። ከኋላችን የቆመው ሚኒባስ ክላክሱን ያስጮኸዋል። ልጄ የበሩን እጀታ ደጋግማ ስባ እስክትከፍተው ያለፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ረጅም ነበር።

ጽሑፉ በቻይንኛ ስለነበር ማናችንም ልናነበው አልቻልንም። የልጅ ልጄ ግን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው፤ እዚያው በስልኩም አስተረጎመው። «አባባ፣ ‹የትንሹ ባትሪ ኃይል አልቋል፤ መኪናውን ጥግ አስይዘው ያቁሙ› ነው የሚለው» አለኝ። ያቺ ፎቶ በኋላ ምን ያህል እንደምትጠቅመን ያን ዕለት አላወቅንም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እንደ ልጄ ያሉ ብዙ ወላጆች በዕቁብና በባንክ ብድር የኤሌክትሪክ መኪና እየገዙ ነው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው፤ አገር ውስጥ የሚያስገቧቸውም የፋብሪካው ወኪል ያልሆኑ ነጋዴዎች ናቸው። መኪናዎቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አዲስ ዕቃም ጉድለት ይኖረዋል። ጉድለት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ግን አብዛኞቻችን አናውቅም። እኛም አላወቅንም ነበር፤ ዋጋም ከፈልንበት።

የመጀመሪያው ስህተታችን መንገድ ላይ ያገኘነውን ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ትንሹን ባትሪ ማስቀየራችን ነው። ሁለተኛው፣ ልጄ ለሻጩ በስልክ ብቻ መንገሯ። ሻጩም በጣም ትሁት ነበር። «እህቴ፣ አዲስ መኪና እንዲህ ያደርጋል፤ ትለምጂዋለሽ» አላት። መኪናዋ ከሳምንት በኋላ እንደገና ቆመች። እንደገና ተደወለ፤ እንደገናም «ባለሙያ እልካለሁ» ተባለ። በሃያ አራተኛው ቀን በክሬን ተጭና ቤት ገባች። ባለሙያው ግን አልመጣም።

ከአማቼ ጋር ሶማሌ ተራ የወረድነው ያኔ ነው። መርካቶ ተወልጄ እንዳደግሁ ሰው፣ በዓለም ላይ ያለ የመኪና ዕቃ ሁሉ ሶማሌ ተራ ይገኛል ብዬ አምን ነበር። አንድ የቆየ የመለዋወጫ ነጋዴ ነገሩን በጥሞና ሰማኝና ሳቅ አለ። «አባባ፣ የዲኤክስ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ከካንዴላ እስከ ካምቢዮ ለቅሜ አመጣልዎ ነበር። ይቺ ግን ዲናሞ እንኳ የላትም።»

ከዚያ ማንም ያልነገረንን ነገር አስረዳን። የኤሌክትሪክ መኪና መኪናውን ከሚነዳው ትልቅ ባትሪ ሌላ፣ እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላት። ስክሪኑን፣ የበሩን ቁልፍ፣ ኮምፒውተሮቹን የምታሠራው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውንም ማብሪያ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ነዳጅ መኪና ላይ ትንሿን ባትሪ የሚሞላት ዲናሞ ነው። እዚህ ግን ከትልቁ ባትሪ የሚመጣውን ከፍተኛ ኃይል ወደ ዝቅተኛ የሚቀይር መሣሪያ ይሞላታል። «መቀየሪያው ከታመመ በየሳምንቱ ባትሪ ብትቀይሩ ዋጋ የለውም» አለን።

ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ህዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 147 ሺህ የሚጠጉ የኤሌክትሪክ መኪኖቻቸውን ለጥገና የጠሩት ትንሿን ባትሪ የሚሞላው ክፍል ሊበላሽ ስለሚችል ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ቶዮታ ቢዜድ ፎር ኤክስ የተባለውን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናውን ከመላው ዓለም ጠርቷል። የጎማው ቡሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተብሎ ነው። ብዛታቸው 2,700 ገደማ ነበር። ከፋብሪካ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ መኪናውን በደንቡ ለገዛ ሰው ጥገናው በነፃ ነው። በሦስተኛ ወገን ከሌላ አገር ገበያ ተገዝቶ የመጣ መኪና ባለቤት ግን ስሙ ፋብሪካው መዝገብ ላይ የለም፤ ጥሪው ቤቱ ድረስ አይመጣለትም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ወደ ሶማሌ ተራ ልመለስ። ንግግራችንን ቆሞ ሲያዳምጥ የነበረ አንድ ደላላ ጠጋ አለን። «አባባ፣ ምን አደከማችሁ? አዲስ ባትሪ አስገቡላትና አሳጥባችሁ ሽጧት። ገዢው እስኪነቃ ወር ይሞላል» አለ። ወደ አማቼ ዞር ብዬ አየሁት። ዝም ብሏል። የባንኩ ብድር በየወሩ እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው የሚቀጥለው ልጅ የማን ልጅ ነው? በሩ አልከፈት ያለበትን ያንን አንድ ደቂቃ ለሌላ አያት መሸጥ አልሆነልኝም። «ይህ አይደረግም» አልሁ። ቤት እስክንገባ ድረስ አማቼ አላናገረኝም።

በማግስቱ አንድ የማውቀውን ጠበቃ አማከርሁ። የነገረኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ከእኔ ጋር ዕድሜው የሚቀራረበው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የማይውል ከሆነ ወይም በውሉ የተባለለት ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ማለት ነው። ገዢውም ግዴታ አለበት፦ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነም መግለጽ። ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀው ግን ያ ቃል አያድነውም። እዚህ ላይ አማቼን ቀና ብዬ አየሁት። የደላላውን ምክር ብንሰማ ኖሮ ተከሳሾቹ እኛ ነበርን።

ሁለተኛው ሕግ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በውሉ የተሰጠው የተሻለ ዋስትና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት አለበት። ራሱን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ማስታወቂያ መለጠፍም ተከልክሏል። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የምናየው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ሕግ መስሎን ስንት ዓመት አንገታችንን ደፍተን ወጣን!

መኪናዋ መጀመሪያ የቆመችው በአሥራ አንደኛው ቀን እንደነበር አስታውሱ። አራት ቀን ቀርቶን ነበር። እነዚያን ቀናት «እህቴ» እየተባልን በስልክ አሳለፍናቸው። እኔን የቆጨኝ ይህ ነው። እኛ መርካቶ ያደግን ሰዎች ቃል እናምናለን። ነጋዴው በቃል በዱቤ ይሰጥሃል፤ በቃልም ትከፍለዋለህ፤ ነገ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁና። ለጥቂት ወራት ግቢ ተከራይቶ መኪና የደረደረ ሰው ግን ነገ እዚያ መኖሩን በምን ታውቃለህ? ይሉኝታ ጥሩ ነው፤ ቀን ግን አያቆምም።

የቀረን የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ነበር። ጠበቃው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈልን፦ መኪናዋ የተገዛችበት ቀን፣ የሻንሲ ቁጥሯ፣ የቆመችባቸው ሦስት ቀናት፣ ጉድለቱ፣ የምንጠይቀው ነገር። የልጅ ልጄ ያነሳቸው ፎቶዎች ቀንና ሰዓት ስለነበራቸው አብረው ተያያዙ። የሻጩ ሠራተኛ ቅጂው ላይ አልፈርምም ስላለን በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላክነው፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም አስቀመጥን። ልጄ ስትገዛ ያደረገችው አንድ ብልህ ነገርም ነበር። ሻጩ «ደረሰኙ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው፤ ቀረጥና ታክስ ይቀልላል» ሲላት እምቢ ብላ ሙሉውን በባንክ ከፍላለች። ወረቀቱ ላይ ግማሹን ያስጻፈ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ግማሹን ብቻ እንደከፈለ ሰው ይታያል።

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ነገሩን ስትሰማ «ሎሚ ነዋ የገዛችሁት!» አለችኝ። እዚያ ተጠግኖ የማይድን አዲስ መኪና ሎሚ ይባላል አሉ። በ1982 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኮነቲከት የተባለው ክፍለ ግዛት የሎሚ ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያው አንድ ጉድለት ተደጋግሞ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ወይም መኪናው ለረጅም ቀናት ጋራዥ ከቆመ፣ ፋብሪካው ይለውጣል ወይም ገንዘብ ይመልሳል። እዚያም ቢሆን የሚረታው የየጥገናውን ወረቀት ያስቀመጠ ሰው ነው።

ሎሚ ስትል የእኛው ተረት ትዝ አለኝ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ልጄ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ላይ ተመሳሳይ መኪና የያዙ ሰዎችን እየጠየቀች ከዚያው ሻጭ የገዙ ሦስት ባለቤቶች አገኘች። የሁለቱ ትንሽ ባትሪ እንደኛው እየሞተ ነበር፤ ሦስተኛው ሌላ ችግር ነበረበት። አራቱም ደብዳቤያቸውን ይዘው አብረው ሄዱ። በስልክ ባለሙያ ያልነበረው ሻጭ በአምስት ሳምንት ውስጥ መቀየሪያውን ከቻይና አስመጥቶ ለሦስታችን በነፃ አስገጠመ። አራተኛው ሰው አልተስማማም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። የሽማግሌ ዕርቅም ብትመርጡ ክፋት የለውም፤ ብቻ ስምምነቱ ይጻፍ፣ ይፈረምበት፣ ሽማግሌ ሲመላለስም የክሱ ቀን እንዳያልፍ።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ወይም ልጆቻችሁ የገዙ፦ ጋራንቲውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ፋብሪካው ከሆነም እዚህ አገር ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ስክሪኑ በምታነቡት ቋንቋ እንዲሆን ሳታደርጉ አትረከቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መኪናዋን በደንብ ንዷት፤ በቀን፣ በማታ፣ በዳገት። አንድ ነገር ካያችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሌላ ሰው ከመንካቱ በፊትም ለሻጩ ጻፉ። መልስ ካጣችሁ የአዲስ አበባ ንግድ ቢሮና ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አቤቱታ የሚቀርብባቸው ቦታዎች ናቸው። ከዚያም ፍርድ ቤት አለ።

መኪናዋ አሁን ደህና ናት፤ ልጁንም ትምህርት ቤት ታደርሳለች። አማቼ ደብዳቤውን፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝና የጥገናውን ወረቀት በአንድ ፖስታ አድርጎ መኪናዋ ኪስ ውስጥ አስቀምጧል። ለምን እንዳልጣለው ጠየቅሁት። «አንድ ቀን ስንሸጣት ለሚገዛው ሰው አሳየዋለሁ» አለኝ።