ለአኩሪ አተር የአረም መድኃኒት ስለ መምረጥ

በአሜሪካ አንዳንዱ አረም ግላይፎሴትን ስለ ለመደ፥ ብዙ የአኩሪ አተር ገበሬዎች ወደ ዳይካምባ ዞሩ። ዳይካምባ ቅጠለ ሰፊውን አረም ያደርቃል፤ ዳሩ ግን ተንኖ፥ እርሱን እንዲችል ካልተዘጋጀ ዘር የበቀለውን የጎረቤት አኩሪ አተር ይጎዳል። ስለዚህም የአርካንሳስ ግዛት በ2017 እ.ኤ.አ. ሽያጩንና ርጭቱን ለ120 ቀን አገደ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ደንብ ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ከ2 ሰዓት ያነሰ ሲቀራት መርጨትን ከለከለ። ነፋስ ሲበረታ መከልከሉ ግልጽ ነው፤ ጨርሶ ሲቆም መከልከሉ ግን አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ማታ አየሩ ሲረጋ የመድኃኒቱ ተን ሳይበተን ምድር ለምድር ይጓዛልና ነው። በእኔ አስተያየት፥ ጎረቤቱ ቅርብ የሆነ ገበሬ አረሙ ሳይበቅል በአፈር ላይ የሚረጨውን ሜቶላክሎር ቢያስቀድም ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን እርጥበት ካላገኘ አይሠራም፥ አስቀድሞ የበቀለውንም አረም አይገድልም።