ጣዕሙ ጠፋ ለሚሉ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍሎቻችን አንድ ክርክር ይሰማል፤ የአሜሪካው ሬስሊንግ ለቤተሰብ እንዲሆን ተብሎ ከተለዘበ ወዲህ ጣዕሙ ጠፋ ይባላል። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚወድቀው ሰው ግን ከምር ነው የሚወድቀው። በ1999 እ.ኤ.አ. ኦወን ሃርት የተባለው ታጋይ በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሽ ጣሪያ በገመድ ሊወርድ ሲል ከ20 ሜትር በላይ ቁልቁል ወድቆ ሞተ። በቴሌቪዥን ለሚመለከተው ሕዝብ ሞቱ ተነገረ፤ ትርኢቱ ግን ቀጠለ። ደብልዩ ደብልዩ ኢ ፕሮግራሙን ለቤተሰብ ያደረገው በ2008 ነው፤ በ2010 ደግሞ ጭንቅላትን በወንበር መምታትን ከለከለ። የቀድሞውን እኛም አምሽተን ማየታችንን አንክድም። ሆኖም ለልጆች ዓይን የማይስማማው ምት ለታጋዩም አንጎል አይስማማም ነበርና ለውጡን እንደግፋለን። የናፈቃቸው ትግሉ ይሁን ደሙ፣ ቅሬታ ያላቸው ጓደኞቻችን ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጣቸዋለን።