በከፋ ስለ ጊደር ዕድሜና ስለ ኮርማ ምርጫ

በየወረዳው የከብት ቍጥር ሲጻፍ ላም ይህን ያህል፥ በሬ ይህን ያህል፥ ጥጃ ይህን ያህል ይባላል። ጊደሪቱ በስንት ዓመቷ እንደ ወለደች የሚጠይቅ ሹም ግን እምብዛም አይገኝም። የከብት ርቢ መልማቱና መጐዳቱ በግልጥ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ በቦንጋና በዙሪያዋ ላሉት ወረዳዎች ሹማምንት አሳባችንን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ላም ጽንሷን የምትሸከመው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ነው፤ ይህን ማንም አያሳጥረውም። የሚያጥረውና የሚረዝመው ጊደሪቱ ለኮርማ እስክትደርስ ያለው ጊዜ ነው። በአገራችን በባላገር ቤት ያደገች ጊደር ብዙውን ጊዜ የምትወልደው በአራት ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከዚያም በኋላ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ትደግማለች። በአውሮፓ በሚገባ የተመገበች ጊደር በሁለት ዓመቷ ስለምትወልድ፥ ብዙ ሰው ጕድለቱን ሁሉ በዘሩ ያመካኛል። ዘር ድርሻ የለውም አንልም፤ ዋናው ነገር ግን የጥጃነት እድገት ነው። ጊደር መጠቃት የሚገባት ለአካለ መጠን የደረሰች ላም ከምትመዝነው ከመቶው ከ60 እስከ 65 እጅ ስትመዝን ነው። ከዚህ አስቀድማ የተጠቃች እንደ ሆነ በምጥ ትጨነቃለች፤ ራሷም ቀጭጫ ትቀራለች።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአራት ዓመቷ ወልዳ በየሁለት ዓመቱ የምትደግም ላም እስከ 12 ዓመቷ አምስት ጥጃ ትሰጣለች። በሦስት ዓመቷ ጀምራ በየዓመት ከመንፈቁ የምትወልድ ግን ሰባት ትሰጣለች። ላም ሃያ ዓመት ያህል ልትኖር ትችላለች፤ ነገር ግን ጥርሷ ካለቀ በኋላ ያለው ዕድሜ ለባለቤቱ ብዙም አይጠቅመውም።

ታዲያ ዝናብ በማይታጣበትና ሣሩ ለምለም በሆነበት በከፋ ጥጃ ስለ ምን ይቀጭጫል? መጀመሪያ ወተቱን ሰው ስለሚሻማው ነው። ሁለተኛም ረግረጉ ላይ ሲግጥ የጉበት ትል ስለሚይዘው፥ መዥገርም ስለሚመጠው ነው። ወደ ጎጀብ ቆላ ሲወርድ ደግሞ የቆላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ አለ። እንገሩን ጠጥቶ የጠገበ፥ ከረግረጉ ርቆ በእንሰት ቅጠልና በታጨደ ሣር ጓሮ ያደገ ጥጃ ግን ሌላ ጥጃ ነው። ይህ የሚጠይቀው ትጋት እንጂ ብዙ ወጪ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነን የኮርማው ነገር ነው። ፈጥኖ ያደገው ወይፈን ወይ ተኮላሽቶ ለእርሻ ይጠመዳል፥ ወይ ለገበያ ይነዳል፤ ገዢ ያላገኘው ቀጫጫው በመንጋው መካከል ቀርቶ አባት ይሆናል። አንዱም ኮርማ ብዙ ዓመት ከመቆየቱ የተነሣ የገዛ ልጆቹን ያጠቃል። ይህን ያህል ዘመን ክፉውን እየመረጡ አስቀርተው ዘሩ ከፋ ማለት ፍርድ አይደለም።

መድኀኒቱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በአዲዮ ወረዳ የቦንጋን በግ የሚያረቡ ባላገሮች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ዓመት ጀምሮ ከቦንጋ የእርሻ ምርምር ማእከል ጋራ ተባብረው ወጣት አውራ በጎቻቸውን በአንድነት አቅርበው ይመርጣሉ፤ የተመረጡትን በጋራ ለርቢ ይጠቀሙባቸዋል። የከብት ባለቤቶችም እንዲሁ መንደር ለመንደር አንድ መልካም ወይፈን ሳይኮላሽ ቢያስቀሩ፥ የቀሩትን ዓመት ሳይሞላቸው ቢያኮላሹ፥ ኮርማውንም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ከሌላ መንደር ጋራ ቢለዋወጡ ይቻላል። (የበግ ትውልድ ፈጥኖ ይተካል፤ የከብት ግን ይዘገያል፤ ስለዚህ ሹሙ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።) የውጭ አገር ትልቅ ኮርማ ዘር ወደ ቆላው ለማውረድ የሚቸኵሉ ሰዎች ደግሞ የጎረቤታችንን የሸኮን ከብት ያስቡ፤ አካሉ ትንሽ ሲሆን ገንዲን ከሌሎች ይልቅ ይቋቋማል።

ስለ በሬም ጥቂት እንጨምር። በሬ በአራት ዓመቱ ገደማ ተጠምዶ ጥርሱ እስኪያልቅ ካረሰ በኋላ ለሥጋ ቢሸጥ ሥጋው ጠንካራ፥ ዋጋውም ዝቅተኛ ይሆናል። ገና ሥጋ መጨመር ሲችል፥ በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ተቀልቦ ቢሸጥ ግን ባለቤቱ ወይፈን ገዝቶ ለመተካት ይችላል። ዕድሜውን ለማወቅ አፉን መክፈት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ጥንድ ትልቅ ጥርስ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይበቅላል፥ አፉም ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይሞላል።

እንግዲህ የምንለምነው በከብት መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ እንዲጨመር ነው። አንደኛው ጊደሪቱ መጀመሪያ የወለደችበት ዕድሜ፥ ሁለተኛው ከወለደች ስንት ወር እንደ ሆናት ነው። መልሱንም ከቤቱ እመቤት መጠየቅ ይሻላል፤ ጥጃውን የምታስረውና ላሚቱን የምታልበው እርሷ ናትና።