«ጢንዚዛማ ስንት ዓይነት አለ!»

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ሆኜ ስልኬን አበባ ላይ ደቅኛለሁ። አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። እሱ የሚያየው አበባውን ሳይሆን አበባው ላይ ያለውን ነበር፦ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ደረቱ ብርቱካንማ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነ ትንሽ ፍጥረት።

«ጋሼ፣ ስሙ ማነው?»

«ጢንዚዛ» አልኩት።

«ጢንዚዛማ ስንት ዓይነት አለ!» ብሎ አፈረብኝ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ጫንኩት። አንድ የማላውቀው ሰው ቤተሰቡን ነገረኝ፦ ካንታሪዴ። እንግሊዞች «ወታደር ጢንዚዛ» ይሉታል፤ የአንዳንዶቹ ቀለም የድሮ ወታደሮቻቸውን ቀይ ኮት ስለሚያስታውስ ነው ይባላል። የላይኛው ክንፉ እንደሌሎቹ ጢንዚዛዎች ድርቅ ያለ ቅርፊት ሳይሆን እንደ ቆዳ ልስልስ ያለ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለገበሬ ወዳጅ ናቸው፤ ክሽክሽ ይበላሉ፣ ከአበባ አበባ እየዞሩ ያዳቅላሉ፣ እጮቻቸውም አፈር ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረታትን ያድናሉ። በዓለም ላይ ከዚህ ቤተሰብ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች ስም ወጥቶላቸዋል። የጦሳው ከነዚህ አንዱ ይሁን አዲስ፣ ፎቶ ብቻ አይቶ የሚነግረኝ አልተገኘም።

ለምን መሰላችሁ? በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዝርያዎች ከላይ ሲታዩ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወንዱ የመራቢያ አካል ላይ ነው፤ እሱን አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ መሳል ያስፈልጋል። ከዚያ ቀደም ሲል ስም ከወጣላቸው ናሙናዎች ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ይመጣል። አዲስ ከሆነ ስም ይሰጠዋል፣ መግለጫው ይታተማል፣ አንዱ ናሙና «ሆሎታይፕ» ተብሎ ለዘላለም ይቀመጣል። ወደፊት «ይሄ ያ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ የሚመለሰው ወደዚያች አንዲት ናሙና ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እነዚያ ናሙናዎች በአብዛኛው ያሉት ባሕር ማዶ ነው። የወታደር ጢንዚዛዎች ትልቅ ሊቅ የነበረው ዋልተር ቪትመር ስብስቡ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ሙዚየም ውስጥ ነው። የኛን የነጭ ሳር ወፍ ታሪክ የሰማ አለ? እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። የተረፈው አንድ ክንፍ ነበር። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተባለች፤ ሳይንሳዊ ስሟም «ሶላላ»፣ ብቸኛ ክንፍ ማለት ሆነ። ክንፏ ዛሬም እንግሊዝ አገር ናት። ያገኙት ሰዎች ባይኖሩ ክንፏም በስብሳ ትቀር ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ግን አንድ የአርባ ምንጭ ተማሪ የሰፈሩን ወፍ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል።

እዚሁ አገር መሥራት አይቻልም ለሚል ደግሞ ወሎ ራሷ መልስ አላት። የኛው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ስም ካወጡላቸው የእሬት ዝርያዎች አንዱ «አሎ ወሎኤንሲስ» ይባላል፤ የወሎ እሬት። ዛሬ የዚህን እሬት ፈሳሽ ላቦራቶሪ አስገብተው የሚያጠኑ ሁሉ በዚያ ስም ይጽፋሉ። ስም ባይኖረው «አንድ እሬት» ብቻ ነበር።

ወደ ስልካችን ልመለስ። አንድ የማሌዢያ ፎቶ አንሺ አንዲት ነፍሳት አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። ካሊፎርኒያ ያለ ሊቅ አይቶ ደነገጠ፤ አያውቃትም። ያም ሆኖ በፎቶው ብቻ ስም ማውጣት አልፈለገም። ፎቶ አንሺው ተመልሶ እስኪይዛት ተጠበቀ፤ ናሙናዋ ለንደን ስትደርስ አንዲት እህቷ እዚያው ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ስም ሳይወጣላት ተቀምጣ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሴማክሪሳ ጄድ» ተባለች። ፎቶው በሩን ከፈተ፣ ያስገባት ግን ናሙናው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ናሙና የሚቀበል መሳቢያ ለምን በየትምህርት ቤቱ አይኖርም? መርፌ፣ ክዳኑ የሚገጥም ሳጥን፣ ናፍታሊን፣ እርሳስ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፤ ብርዱ ይቀራል፣ አበባው ይለወጣል፣ ነፍሳቱም እንደዚያው። አንድ ክፍል ተማሪ ከላይና ከታች በየወሩ ቢሰበስብ ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው ወረቀቷ ናት፦ የት፣ መቼ፣ ምን አበባ ላይ፣ ማን ያዘው። ስም የሌለው ጢንዚዛ ነገ ስም ያገኛል፤ ቦታና ቀን የሌለውን ግን ማንም አያድነውም። ወደ ውጭ ለመላክ ከሆነ ፈቃድ አለ፤ አዋጅ 482/1998 ለዚሁ ነው የወጣው፣ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

አንድ ወዳጄ ይሄን ስነግረው «ደሴ ሙዚየም በ2014 ምን እንደደረሰበት ረሳኸው?» አለኝ። አልረሳሁም። የተዘረፈ ሙዚየም ባለበት ከተማ ሳጥን አኑሩ ማለት ቀልድ ይመስላል። ግን የሪዮ ዴ ጄኔሮው ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቃጠል ሚሊዮኖች ነፍሳት በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ፤ ያ የሆነው ጦርነት በሌለበት ነው። መፍትሔው አለማስቀመጥ ሳይሆን መከፋፈል ነው፦ ከተያዙት ጥቂቱ ደሴ፣ ጥቂቱ አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ ውጭ፣ ፎቶው ደግሞ ስልካችሁ ላይ።

ባለፈው ሳምንት መተግበሪያውን ከፍቼ አየሁት። የጦሳው ጢንዚዛ አሁንም «ካንታሪዴ» ላይ ቆሟል። ልጁ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የጠየቀኝም እሱን ነው።