ሳይሳሉ ማመስገን



ስለ ምስጋና በመንፈሳዊ መጽሔቶችና ጋዜጦች የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛው ስለቱ የሰመረለት ሰው ምስክርነት ነው። ልጅ አገኘሁ፣ ከሕመሜ ዳንሁ፣ ፈተናውን አለፍሁ። እዚህ ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤልም የምናየው ያንኑ ነው። በንግሥ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ከቦ ቆሞ ሳለ ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ሙክቱ በድምፅ ማጉያ እየተጠራ እልልታው ይቀልጣል። ደስ ይላል፤ እኔም እልል ከሚሉት ነኝ። ግን ምስጋናን በስለት በኩል ብቻ ማስተማራችን ልክ አይመስለኝም።

ስለትን አልነቅፍም። ሐና ሳሙኤልን ያገኘችው ተስላ ነው። ቢሆንም ስለት ውል ነው፤ ብትሰጠኝ እሰጥሃለሁ ነው። ውልን መፈጸም ታማኝነት ይባላል፤ ምስጋና ከዚያ ያልፋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የምናገኛቸው አሥሩ ለምጻሞች ማረን ብለው ጮኹ እንጂ ምንም አልተሳሉም። ተመልሶ በጌታ እግር ሥር የወደቀው ሳምራዊ የሚከፍለው ዕዳ አልነበረበትም፤ ጌታም «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ የጠየቀው ውል ስላፈረሱ አይደለም።

ውሉ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የአገራችን ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አሳይተውናል። የማንኩሳው በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ተሳዮቹ እነሱ፣ ከፋዩ እሱ! ልብ ወለድ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ደራሲው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ደብረ ኤልያስና ዲማ ድረስ ሄደው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ ነገሩን ከውስጥ የሚያውቁት ሰው ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሳይሳሉ ማመስገንን ታውቅበታለች። በቅዳሴ የሚደርሰው የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኰቴት ልጅም፣ ቤትም፣ ሹመትም አያነሣም፤ የሚያመሰግነው ስለ ተጠበቅንና እስከዚያች ሰዓት ስለ ደረስን ነው። ስለቱ የሰመረለትም ያልሰመረለትም እኩል ሊለው ይችላል። (አብዛኞቻችን ቤተ ክርስቲያን የምንደርሰው ይህ ጸሎት ካለፈ በኋላ መሆኑ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ይህን ያስጻፈኝ ስለቱ ያልሰመረለት ሰው ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን በገባበት ጦርነት ልጁን የቀበረ ወላጅ ብዙ ነው። ከእነዚያ እናቶች ውስጥ ልጄን በሰላም መልስልኝ ብላ ያልተሳለች ትኖራለች? በንግሡ ዕለት እዚያ እልልታ መሐል ቆማ ምን ትበል? ይባስ ብለን ለቅሶ ቤት ገብተን «ተመስገን በይ እንጂ» እንላታለን። ኢዮብ እግዚአብሔርን የባረከው ልብሱን ቀድዶ፣ ራሱን ተላጭቶ ነው። ወዳጆቹም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ አብረውት ተቀመጡ፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ተመስገን ያዘነ ሰው ጊዜው ሲደርስ ራሱ የሚለው እንጂ ጎረቤት የሚያዘው አይደለም።

ምስጋና በእጅም ይገለጥ ከተባለ፣ ጃንጥላ የተትረፈረፈበት ደብር ደጃፍ ላይ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የሚለምን የቆሎ ተማሪ አለ። ምንም ሳይለምኑና ሳይሳሉ ለእሱ አንድ እንጀራ መስጠት ይቻላል፤ በድምፅ ማጉያ ባይጠራም።

መምህራኑን የምለምነው፣ በዐውደ ምሕረት ላይ ከስለቱ ዝርዝር በፊት ጸሎተ አኰቴትን ለሕዝቡ በአማርኛ እንዲያብራሩልን ነው። እናንተ የመጽሔቱ አዘጋጆችም ስለቱ ለሰመረለት ሰው የምትሰጡትን ዐምድ፣ የለመነውን ሳያገኝ ለሚያመሰግነው ሰውም ክፈቱለት።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአማኑኤል፣ ምሥራቅ ጎጃም