የማማሳፓኖ ደም፡ የቡድን አባልነትና የግል ተጠያቂነት

የታጠቁ ቡድኖች ፖሊሶችን አድፍጠው በገደሉ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ «የቡድኑ አባል ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው» ሲል ሌላው «ለሰላም ሲባል ሁሉም ይረሳ» ይላል። ሁለቱም ከፍትሕ መንገድ እንደሚያወጡ በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በማማሳፓኖ ከደረሰው እንረዳለን።

ጥር 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ከንጋት በፊት የፊሊፒንስ ፖሊስ ልዩ ኃይል «ማርዋን» የተባለውን ማሌዥያዊ የፈንጂ ባለሙያ ፍለጋ ወደ ስፍራው ገባ። ተፈላጊው ተገደለ። ነገር ግን የመውጫውን መንገድ እንዲጠብቁ ከተመደቡት 36 ፖሊሶች 35ቱ በበቆሎ እርሻ ውስጥ ተከበው ሞቱ፤ አንድ ብቻ ተረፈ። ከሌላው ክፍል 9 ተጨምረው ሟቾቹ 44 ሆኑ። የሞሮ እስላማዊ ነጻ አውጪ ግንባርም 18 አባላቱን ማጣቱን አስታወቀ። ሰላማዊ ሰዎችም ሞተዋል።

ነገሩን ያወሳሰበው ግንባሩ መጋቢት 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር የሰላም ስምምነት የፈረመ መሆኑ ነው። ፖሊሶቹ የገቡት የተኩስ አቁሙን ከሚከታተሉት አካላት ጋር አስቀድሞ ሳይመከር ነበር፤ ግንባሩም «ራሳችንን ተከላከልን» አለ። ከተኳሾቹ መካከል ደግሞ ከግንባሩ ተገንጥለው ስምምነቱን ያልተቀበሉ ተዋጊዎችና የግል ታጣቂዎች ነበሩ። እንግዲህ «ታጣቂዎቹ» የሚለው አንድ ቃል የሁሉንም ጥፋት እኩል ሊመዝን አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል? በአገር ውስጥ ግጭት የሚዋጋ አማፂ እንደ መደበኛ ወታደር ከክስ የሚከላከል መብት የለውም፤ መንግሥት በአገሩ ሕግ ሊከሰው ይችላል። ሆኖም የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ለዐመፅ ዓላማ የተፈጸመ ግድያ በዐመፅ ወንጀል ውስጥ ይጠቃለላል። ስለዚህ የክሱ ስም ብዙ ይወስናል። ዐቃብያነ ሕግ በ2008 ዓ.ም. ለ35ቱ ሞት 88 ሰዎችን ለመክሰስ በቂ ምክንያት አለ ያሉት በዐመፅ ሳይሆን በመንግሥት ሹም ላይ በተፈጸመ ጥቃትና ግድያ ነው።

በእኛ እይታ ዋናው መለያ ሌላ ነው። የፖሊስ መርማሪ ቦርድ ቆስለው በሕይወት ከነበሩት ፖሊሶች አንዳንዶቹ በቅርብ ርቀት ተተኩሶባቸው እንደሞቱ ደርሶበታል። በተኩስ ልውውጥ መግደልና መሣሪያ ማንሣት የማይችለውን ቁስለኛ መግደል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በምሕረት ዐዋጅ ሊታለፍ ይችላል፤ ዓለም አቀፍ ሕግም ግጭት ሲያበቃ ሰፊ ምሕረትን ያበረታታል። ሁለተኛው ግን የጦር ወንጀል ነው፤ ፊሊፒንስም በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ፈጻሚውን ብቻ ሳይሆን እያወቀ ያልከለከለውን አዛዥ ጭምር ተጠያቂ አድርጋለች።

«ክሱ ሰላሙን ያፈርሳል» የሚለው ሥጋት ከንቱ አይደለም። ከጥቃቱ በኋላ በተነሣው ቁጣ የራስ ገዝ ክልሉ ሕግ ዘግይቶ የጸደቀው በ2010 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ሰላሙን ያዘገየው በግለሰቦች ላይ የቀረበው ክስ አልነበረም፤ የጥቂቶች ጥፋት በሕዝቡ ሁሉ ላይ መጫኑ ነው። በስሙ የሚጠራ ተከሳሽ ከተገኘ መንደሩና ነገዱ ከጥርጣሬ ይወጣሉ፤ የሟች ቤተሰብም በማን ላይ እንደሚያዝን ያውቃል። ተጠያቂው ካልተለየ ግን እናቶች የሚያለቅሱት ያለ ዳኛ ነው፤ ያለ ዳኛ የቀረ ደምም በቀልን ይጠራል። እንግዲህ ምሕረት የሚያደርግ ሁሉ አስቀድሞ ማንን፣ ስለ ምን እንደሚምር ይወቅ።