ፈጣኑ ቺፕ ለማን ያስፈልጋል?

በቡና አገሩ በከፋ፣ በሺሺንዳ የሚኖር አንድ ወጣት ቡና የተሰጣበትን አልጋ ሙቀትና እርጥበት ለክቶ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር የሚያደርስ መሣሪያ መሥራት ፈለገ እንበል። በሴኮንድ እስከ 480 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ፣ ዩኤስቢ3300ን የመሰለ ቺፕ መግዛት አለበትን?

የለበትም። ልኬቱ በሴኮንድ ጥቂት ባይት ብቻ ነው። በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ውስጥ አብሮ የተሠራው ዩኤስቢ በሴኮንድ እስከ 12 ሚሊዮን ቢት ስለሚያሳልፍ ከበቂ በላይ ነው።

ፈጣኑ ቺፕ የሚጠቅመው ለካሜራ ምስልና በፍጥነት ለሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ መለኪያ ነው። ያም ቢሆን ብቻውን አይሠራም፤ «ዩልፒ» የተባለው መገናኛ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ይሻል። ሁለቱን 12 መስመሮች በ60 ሜጋኸርዝ ምት ያገናኟቸዋል። መስመሮቹ አጫጭርና ተቀራራቢ ርዝመት ያላቸው ካልሆኑ መረጃው ይዛባል። ስለዚህ በተንዘላዘለ ሽቦ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሚገባ የተነደፈ የታተመ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ወላጆችም ልጃችሁ ለዕቃ መግዣ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ አትቆጡት። «በሴኮንድ ስንት ባይት ትልካለህ?» በሉትና በወረቀት አስልቶ ያሳያችሁ። ከስሌቱ በኋላ የሚገዛው ዕቃ ሥራ ላይ ይውላል።